የበረራ ርቀትና ሰዓት የሚያሰሉ ሳይቶችን ፈተንኳቸው፦ ኪሎ ሜትሩ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን ግምት ነው

ነገሩ የጀመረው ታናሽ እህቴን ኤርፖርት ልቀበላት የሄድኩ ቀን ነው። ልጅቷ እንደ ልማዷ ስንት ሰዓት እንደምትደርስ አልነገረችኝም፣ "ተሳፈርኩ፣ በሩ ተዘጋ፣ ቻው" ብላ ቴክስት አደረገችና ስልኳን አጠፋች። እኔ ደሞ ጎበዝ ነኝ አይደል፣ የተነሳችበትን ሰዓት አውቃለሁ፣ ሁለቱን ኤርፖርቶች አውቃለሁ፣ ታዲያ ምን ያስቸግራል ብዬ በሁለት ኤርፖርት መሀል ያለውን ርቀትና የጉዞ ሰዓት የሚያወጡት ሳይቶች አሉ አይደል፣ አንዱ ላይ ገብቼ አስገባሁት። "5.8 ሰዓት" አለኝ። አምስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ብዬ ደመርኩ፣ የሰዓት ልዩነቱን አስተካከልኩ፣ ለእናቴም ደውዬ በዚህ ሰዓት ታርፋለች አልኳት፣ ከዚያ ሄጄ መውጫው በር ላይ ቆምኩ።

ቆምኩ ቆምኩ ማንም የለም። እናቴ በየአምስት ደቂቃው ትደውላለች። "አረፈች?" "ገና ነው እማዬ።" "አንተ አርፋለች አላልከኝም እንዴ?" "ብዬ ነበር እማዬ።" "ታዲያ የት ሄደች?" ምን ልበላት። አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ እኔም ራሴ ሆዴ መላወስ ጀመረ፣ ስልኬን አውጥቼ ሳይቱን ድጋሚ ሳየው ነው የነቃሁት፦ 5.8 ማለት አምስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ አይደለም እኮ! ነጥብ ስምንት ማለት የአንድ ሰዓት ስምንት አስረኛ ነው፣ ማለትም 48 ደቂቃ። እዚያው አርባ ደቂቃ በላሁ። እሱም ካለቀ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት ምናምን ጠበቅኩ፣ እህቴ ሻንጣዋን እየገፋች ስትወጣ ፊቴን አይታ ያለችው "ማን ቀድመህ ና አለህ?" ነው።

እልህ ያዘኝ። ያቺ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ከየት መጣች? ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ሦስት አገልግሎቶችን ጎን ለጎን ሞከርኩ። ሁለቱ ሳይት ናቸው፣ አንዱ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ምክንያቱም እንደነሱ አይነት መአት አለ፣ ችግራቸውም አንድ አይነት ነው፣ እናንተም የምትጠቀሙበት ከሦስቱ በአንዱ መንገድ እንደሚሰራ እርግጠኛ ነኝ። አንደኛው ያ የእህቴ ጉድ የሰራኝ ነው፣ ነጭ ገጽ፣ ሁለት ሳጥን፣ አንድ በተን፣ አለቀ። ሁለተኛው ካርታ ላይ መስመር ስሎ ያሳያል፣ ቆንጆ ነው። ሦስተኛው አፕ ነው፣ እሱ በየሰላሳ ሰከንዱ ማስታወቂያ ፊትህ ላይ ይዘረጋል፣ አንዴማ ኤርፖርቱን ልመርጥ ስነካ ማስታወቂያው ዘሎ ከጣቴ ስር ገባና የጫማ መሸጫ ውስጥ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር፣ ርቀቱ ላይ ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ለንደን ሂትሮው እና ኒውዮርክ ጄ.ኤፍ.ኬን አስገባሁ፣ ሁለቱ ሳይቶች 5,540 ኪሎ ሜትር አሉ፣ አፑ 5,555 አለ። አሃ፣ ያዝኩህ አልኩ። ግን ሳየው ሁለቱም አልተሳሳቱም። አብዛኞቹ ሳይቶች ምድርን እንደ ድቡልቡል ኳስ ይቆጥሯትና ራዲየሷን 6,371 ኪሎ ሜትር አድርገው ያሰላሉ። ምድር ግን ወገቧ ላይ ትንሽ ወፈር ያለች ናት፣ ከመሀሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር ነው፣ እስከ ዋልታው ደሞ 6,357 ግድም። ይሄን ቅርጽ አስገብቶ የሚያሰላው መልሱ ትንሽ ይለያል፣ ልዩነቱም ቢበዛ ከመቶ ግማሽ እጅ አካባቢ ነው። 15 ኪሎ ሜትር ማለት ደሞ ለጄት አንድ ደቂቃ ናት፣ ስለሷ የሚጨቃጨቅ ሰው ሌላ ስራ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሳይት ትንሽ የተለያየ ቁጥር ከሰጣችሁ አትደናገጡ።

ሁለተኛው ሳይት ካርታው ላይ የሚስለው መስመር ግን ብዙ ሰው ያደናግራል፣ እኔንም አደናግሮኛል። ከኒውዮርክ ቶኪዮ ብላችሁ ሞክሩት፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ፓሲፊክን በማቋረጥ ፈንታ ወደ ላይ ቀስት ሰርቶ አላስካ ድረስ ወጥቶ ነው የሚወርደው፣ ሰው ሲያየው ምነው ዞረ ይላል። አልዞረም። የዞረው ካርታው ነው። ያ የለመድነው ካርታ መርካተር የሚባል ካርታ ሰሪ በ1569 የሰራው አይነት ነው (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ለመርከበኛ አቅጣጫ እንዲመች ተብሎ የተሰራ ስለሆነ ወደ ዋልታ በቀረበ ቁጥር ሁሉን ነገር ይለጥጠዋል። የምር አጭሩን መንገድ ለማየት ኳስ ያዙና ሁለት ቦታ ነጥብ አድርጋችሁ ክር ወጥሩበት፣ ክሩ የሚያርፍበት ነው መንገዱ። እኔ የእህቴን ልጅ ኳስ ተበድሬ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጌበት እስካሁን ይቅርታ አላደረገልኝም።

በቁጥር ካላመናችሁ ደሞ ኒውዮርክና ማድሪድን ውሰዱ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በሰሜን 40 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ በተለመደው ካርታ አጭሩ መንገድ በቀጥታ ወደ ምስራቅ መሄድ ይመስላል። ያንን መስመር ሳትለቁ ብትሄዱ ወደ 5,940 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ጎብጦ የሚሄደው ግን 5,760 አካባቢ ነው። ጎበጥ ያለው መንገድ ከ170 እስከ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ያጥራል። ይሄንን ራሴ በካልኩሌተር ሰርቼ ስለደረስኩበት በጣም ኮርቻለሁ፣ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ግን አላገኘሁም።

ርቀት ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፣ እሱም ማይል ነው። የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው፣ አቪዬሽን የሚጠቀምበት የባህር ማይል ደሞ ልክ 1,852 ሜትር ነው። ያው የሂትሮውና የጄ.ኤፍ.ኬ ርቀት በአንዱ 3,442 በሌላው 2,991 ይመጣል። አንደኛው ሳይት ዝም ብሎ "ማይል" ብሎ ይጽፋል፣ የትኛው ማይል? ምንም ምልክት የለም፣ ቁጥሩን ከኪሎ ሜትሩ ጋር አካፍላችሁ ካላያችሁ በቀር አታውቁም። ሁለተኛው ሁለቱንም ለይቶ ያስቀምጣል፣ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ጨምሬለታለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ።

አንድ ፈተና አለች፣ ማንም ሰው በአስር ሰከንድ የሚሰራት፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሷን ያዙልኝ። ሁለቱን ኤርፖርቶች ገልብጡ። መነሻውን መድረሻ፣ መድረሻውን መነሻ አድርጉና ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ እዩ። ርቀቱ መቀየር የለበትም፣ ሰዓቱ ግን መቀየር አለበት! ካልተቀየረ ሳይቱ ስለ በረራ ምንም አያውቅም፣ ኪሎ ሜትሩን በአንድ ቁጥር አካፍሎ ነው የሰጣችሁ። አንደኛው ሳይት ከለንደን ኒውዮርክ 6.9 ሰዓት አለ፣ ከኒውዮርክ ለንደንም 6.9። 5,540ን ለ800 ማካፈል ነው በቃ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሁለተኛው በሁለቱም አቅጣጫ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ አለ፣ እሱ ደሞ ለ900 አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ 30 ደቂቃ ይደምራል። ደቂቃ ድረስ ስለሚጽፍ ትክክል ይመስላል፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ "6 ሰዓት ከ39" ሲልህ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ የለካው ነው የሚመስልህ።

የምር በረራው ግን አንድ አይነት አይደለም። ቲኬት ላይ ብታዩ ከኒውዮርክ ወደ ለንደን ሰባት ሰዓት ግድም ነው የሚባለው፣ ከለንደን ወደ ኒውዮርክ ግን ስምንት ግድም። ምክንያቱ ጄት ስትሪም የሚባለው ነው፣ ከምድር 9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ እንደ ወንዝ ያለ ነፋስ፣ አውሮፕላኖቹም የሚበሩት እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ወደ ምስራቅ ስትሄድ ይገፋሃል፣ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ፊትህን ይመታሃል። በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ብርድ፣ ይበረታል። የካቲት 2020 ላይ አውሮፓ ውስጥ ከባድ ማዕበል በነበረ ጊዜ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ከጄ.ኤፍ.ኬ ተነስቶ ሂትሮው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፣ በአንዳንድ ቦታ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ድምጽን ቀደመ እንዴ? አልቀደመም፣ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ያው በተለመደው ፍጥነቱ ነበር የሚሄደው፣ አየሩ ራሱ ነው ተሸክሞ የወሰደው። እንግዲህ ያን ቀን የኔ ሳይት 6.9 ሰዓት ብሎ ቁጭ ብሏል።

የእህቴ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ወደ ምዕራብ ነበር የምትበረው።

አፑ ይሄን ፈተና ያለፈው ብቸኛው ነው። ስገለብጠው ሰዓቱ ተቀየረ፣ ስምንትና ሰባት ግድም ሰጠኝ፣ ምክንያቱም እሱ አያካፍልም፣ በዚያ መስመር ላይ ከዚህ በፊት የበረሩት በረራዎች ስንት እንደፈጀባቸው ነው የሚያየው። ማስታወቂያውን ይቅር ያልኩት ያኔ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ደሞ ሌላ ጉድ አለ፣ "የበረራ ሰዓት" ሲባል የትኛው? ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ ቆሞ ጎማው እስኪታገድ ድረስ ያለው ነው፣ ብሎክ ታይም ይሉታል። አየር ላይ ያለው ጊዜ ብቻውን ከዚያ ያንሳል። ትልልቅ ኤርፖርት ላይ ከጌት ተነስቶ ማኮብኮቢያው ድረስ መንዳትና ተራ መጠበቅ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፣ መድረሻው ላይ ደሞ ሰማይ ላይ እየዞሩ ተራ መጠበቅ አለ፣ አየር መንገዶችም ዘገዩ እንዳይባሉ ለክፉ ቀን ብለው ትንሽ ደቂቃ ጨምረው ነው ፕሮግራም የሚያወጡት። ለዚህ ነው አንዳንዴ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተነሳ አውሮፕላን በሰላሳ ደቂቃ መዘግየት የሚያርፈው፣ ፓይለቱ ስለሮጠ ብቻ አይደለም፣ ቀድሞ የተቀመጠች ትርፍ ስለነበረች ነው። አፑ የሚሰጠው የትኛውን እንደሆነ አንድም ቦታ አይናገርም። ሴቲንጉን ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለተኛውን ሳይት በ30 ደቂቃው ነገር ልፈትነው ብዬ በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ያሉትን ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይን አስገባሁለት። በዓለም ላይ አጭሩ መደበኛ በረራ ነው፣ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ ፕሮግራሙ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ነፋስ ሲመቸው ከአንድ ደቂቃም ያንሳል፣ ሪከርዱ 53 ሰከንድ ነው። ሳይቱ ምን አለ? 30 ደቂቃ። በእግር እንኳን ሰላሳ ደቂቃ ነው እኮ ያ፣ ባህሩ ባይኖር። አንደኛው ደሞ "0.0 ሰዓት" አለኝ፣ ገና ሳትነሳ ደርሰሃል ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ረጅሙ ላይ ደሞ ሌላ ችግር አለ። ሲንጋፖርና ጄ.ኤፍ.ኬ ወደ 15,300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያለ ማረፍ የሚበረር ረጅሙ መደበኛ መስመር ሆኖ የቆየ ነው፣ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንደኛው 19.1 ሰጠኝ፣ እና ሳልዋሽ ገረመኝ፣ ቀርቧል። ስህተቶቹ እርስ በርስ ተጣፍተው ነው የቀረበው፣ 800 ለረጅም ርቀት ቀርፋፋ ፍጥነት ነው፣ ትልልቆቹ ጄቶች በሰዓት 900 አካባቢ ነው የሚሄዱት፣ ግን መውጣትና መውረድ ያዘገያል፣ መንገድ ደሞ ቀጥ አይልም፣ ሲደማመር እንደ እድል ይገጥማል። የቆመ ሰዓትም በቀን ሁለቴ ልክ ነው።

ቀጥ አይልም ያልኩትን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሦስቱንም የጣላቸው ፈተና እሱ ነው። የፊንላንዷ ሄልሲንኪና ቶኪዮ። በአጭሩ መንገድ ወደ 7,800 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንደኛው 9.8 ሰዓት አለ፣ ሁለተኛው ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ደቂቃ አለ። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ እውነት ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የሚፈጀው፣ አጭሩ መንገድ በሩሲያ ሰማይ ላይ ነው የሚያልፈው። የዩክሬን ጦርነት ሲነሳና ሩሲያ ሰማይዋን ለአውሮፓ አየር መንገዶች ስትዘጋ ግን ያው በረራ አስራ ሦስት ሰዓት ገደማ ሆነ፣ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይ በደቡብ ዞሮ ነው የሚሄደው። ኤርፖርቶቹ አልተንቀሳቀሱም፣ ኪሎ ሜትሩ ሳይቱ ላይ ያው ነው፣ ጉዞው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ረዘመ። አፑ እንኳን አሮጌና አዲስ በረራዎችን ቀላቅሎ አማካይ ስለሚያወጣ መሀል ላይ ያለ ቁጥር ሰጠኝ፣ ማንም አውሮፕላን በርሮት የማያውቅ ሰዓት። ነገሩ አዲስም አይደለም፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት ሰማይ ዝግ ስለነበር ከአውሮፓ ጃፓን የሚሄደው ብዙው በረራ አላስካ አንኮሬጅ ላይ አርፎ ነዳጅ ቀድቶ ነበር የሚቀጥለው።

ጦርነት ባይኖርም መንገዱ ይጎብጣል። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በተፈቀደለት ደቂቃ ውስጥ የሚደርስበት ኤርፖርት ሊኖረው ይገባል፣ ስለዚህ ውቅያኖስ ላይ እንደፈለገ አይቆርጥም። የቲቤት አምባም አለ፣ ተራሮቹ በጣም ከፍ ያሉ ስለሆኑ አየሩ ከካቢን ቢወጣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ድረስ ቶሎ መውረድ አይቻልም፣ አብዛኛው በረራ ዞሮት ነው የሚያልፈው። ነፋሱን ለመያዝ ሲባል ብቻ ሆን ብሎ ረጅሙን መንገድ መምረጥም አለ፣ ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል ሰዓቱ ይቀንሳል።

የሰዓት ልዩነት ላይ አጭር ላድርግ ብዬ ነበር ግን ንዴቴ አይለቀኝም። ቲኬት ላይ መነሻው በመነሻው ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ሰዓት ነው የሚጻፈው። ከኒውዮርክ 22:30 ተነስቶ ለንደን 10:30 ይደርሳል ቢልህ አስራ ሁለት ሰዓት በረራ አይደለም፣ አምስቱ ልዩነት ነው፣ ሰባት ነው የበረርከው። ከኒውዚላንድ ኦክላንድ ማታ ተነስቶ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚገባ በረራም አለ፣ የቀን መለወጫውን መስመር ስለሚሻገር ካሌንደሩን ብቻ ብታይ ሳትነሳ ደርሰሃል። ይሄን ሁለተኛው ሳይት ጥሩ አድርጎ ይሰራዋል፣ የሁለቱን ከተማ ሰዓት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ተደስቼ ነበር። ከዚያ ግን ቀኑን ማርች አጋማሽ አድርጌ ሞከርኩት። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሁድ ነው፣ እንግሊዝ ደሞ በመጨረሻው እሁድ፣ ስለዚህ መሀል ላይ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ አምስት ሳይሆን አራት ሰዓት ነው፣ መከር ላይም ለአንድ ሳምንት እንደዛው። ሳይቱ አምስት ብሎ ድርቅ አለ። በዚህ ሰሞን ሰው የሚቀበል ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ይበላል ማለት ነው፣ እኔ ደሞ አርባ ደቂቃ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ።

የኤርፖርት ስም አመራረጡንም ተጠንቀቁ። አንደኛው ሳይት ላይ "ሲድኒ" ስትል መጀመሪያ የሚያመጣልህ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ያለውን ሲድኒ ነው። ሰው በእውነተኛ ቲኬት እንኳን በዚህ ተሳስቶ አውስትራሊያ ባህር ዳርቻ ላይ ፀሀይ ሊሞቅ ወጥቶ በረዶ ላይ ያረፈበት ጊዜ አለ፣ ሳይት ላይማ ምን ይገርማል። ሳን ሆዜ ካሊፎርኒያም አለ ኮስታሪካም አለ፣ በርሚንግሃም እንግሊዝም አለ አላባማም አለ። ኤርፖርቱ የሚታወቅበትን የሦስት ፊደል ኮድ ብታስገቡ ይሻላል፣ አፑ ኮድ ይቀበላል፣ አንደኛው አይቀበልም። ለንደን ካላችሁት ደሞ የትኛው ኤርፖርት? ሂትሮው ነው ጋትዊክ ነው ስታንስተድ ነው? አንደኛው የከተማውን መሀል ነው የሚወስደው፣ ኤርፖርቱን አይደለም። ለርቀቱ ብዙ ለውጥ ባያመጣም ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ ላለው መንገድ ግን ያመጣል፣ ቶኪዮ ናሪታ ከከተማው መሀል ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ሀኔዳ ግን ቅርብ ነው፣ ሳይቱ ላይ ሁለቱም "ቶኪዮ" ናቸው።

ትራንዚት ካላችሁ አፑንም እርሱት። ሁለት በረራ አስገብቼ "ጠቅላላ የጉዞ ሰዓት" የሚለውን ነካሁ፣ ሁለቱን በረራ ደምሮ ሰጠኝ፣ መሀል ላይ ኤርፖርት ወንበር ላይ የምትቀመጠውን አራት ሰዓት አላየውም። ጠቅላላ ብሎ ሲጽፍ አላፈረም።

ታዲያ እነዚህ ነገሮች ምን ይጠቅማሉ ካላችሁኝ፣ ርቀቱ ብቻውን የሚጠቅምበት ቦታ አለ። የአውሮፓ ህብረት በ2004 ባወጣው ደንብ ቁጥር 261 መሰረት በረራ ሲሰረዝ ወይም ብዙ ሲዘገይ የሚከፈለው ካሳ በኪሎ ሜትር ነው የሚቆረጠው፣ እስከ 1,500 ከሆነ 250 ዩሮ፣ ከህብረቱ የሚወጣ ወይም የሚገባ ሆኖ ከ3,500 በላይ ከሆነ 600፣ ቀሪው 400። ርቀቱ የሚለካው ደሞ አውሮፕላኑ በዞረበት ሳይሆን ያው ክር በኳስ ላይ እንደሚወጠረው በአጭሩ መስመር ነው፣ ትራንዚት ቢኖርም ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ በቀጥታ፣ ይሄንንም የህብረቱ ፍርድ ቤት በ2017 ወስኖበታል። እዚህ ጋ አንደኛው ያ ቀሽም ነጭ ሳይት እንኳን ልክ ነው። መንገድህ 1,490 ነው ወይስ 1,510 የሚለው ገንዘብ ነው፣ ከድንበሩ አጠገብ ከሆናችሁ ብቻ ከአንድ በላይ ሳይት ላይ እዩት፣ ያች የኳስና የወፍራም ወገብ ልዩነት እዚህ ትመጣለች።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ አንደኛው ሁለት፣ ያውም ለኪሎ ሜትሩ። ሁለተኛው ሦስት ተኩል፣ ለካርታውና ለሁለቱ ማይል፣ የማርችን ነገር ቢያስተካክሉ አራት እሰጠው ነበር። አፑ አራት፣ ማስታወቂያው ሲዘል ሦስት። ሦስቱም ጋ "ፊድባክ ላክ" የሚል አለ፣ ለሦስቱም አንድ አይነት ነገር ጻፍኩ፦ ሰዓቱን ስትሰጡ በስንት ፍጥነት እንዳካፈላችሁና ምን እንደደመራችሁ ከስር በአንድ መስመር ጻፉት፣ እና እባካችሁ 5.8 አትበሉ፣ 5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ በሉ። ሁለተኛው "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል ማሽን የጻፈው መልስ ላከ። ሌሎቹ ምንም።

እህቴ ባለፈው ወር ድጋሚ መጣች። እኔ አስር ጊዜ ስነዘንዛት ቲኬቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ መድረሻ ሰዓት ከነቀኑ። አውሮፕላኑ ደሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድሞ አርፎ፣ እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ፣ "የት ነህ? ወጥቼ ቆሜያለሁ እኮ።"